ስትሮክ የመታው እጅ ወደ ሥራው እንዲመለስ

(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ፣ መካነ ሰላም ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ስትሮክ ነው። ባለፈው ጉባኤ ሁለት ጥያቄ ተሰጥቶን ነበር። አንዱ ከአባላት የመጣ ነው፦ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግለት? ሁለተኛው ከለጋሾቻችን የመጣ ነው፦ ለእነዚህ ሕሙማን መሣሪያ እንግዛ ብንል የትኛው ይሻላል? ጥያቄዎቹ ከተለያየ ወገን ይምጡ እንጂ መልሳቸው አንድ ሆኖ አግኝተነዋል። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን ሕመሙን ራሱን እንወቀው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በእኛ አገር ለዚህ ሕመም የማይሰጠው ስም የለም። አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው ልክፍት ነው ይላል፣ ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው ይላል። ጸሎቱንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልም፤ እኛም እናደርገዋለን። በሰውነት ውስጥ የሆነው ነገር ግን ይህ ነው። አንጎል የሚኖረው በደም ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ወይም ፈንድቶ ሲፈስ፣ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የቀኝ ጎናችንን የሚያዘው የአንጎላችን ግራ ወገን ነው፤ የግራውን ደግሞ የቀኙ። ስለዚህ የሰውየው እጅ ሲዝል እጁ ላይ የደረሰ ነገር የለም፤ አጥንቱም ጡንቻውም እንደ ትናንቱ ነው። የተጎዳው አዛዡ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ በኋላ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ምልክቱ በድንገት ይመጣል። ፊት ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ይዝላል፤ አንደበት ይያዛል ወይም ንግግር ይዘባረቃል። ከሦስቱ አንዱን ያየች ሴት “ትንሽ ይረፍና ይሻለው ይሆናል” ብላ መጠበቅ የለባትም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ወሳንሳ ተነሥቶ፣ መኪና ተፈልጎ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የደም ሥሩ ይዘጋ ወይም ይፈንዳ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን በሚባለው የጭንቅላት ምርመራ ነው። ስለዚህ “ደም ያቀጥናል” ብሎ ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት፣ ደሙ እየፈሰሰ ያለውን ሰው የባሰ ይጎዳዋል። ውኃና ምግብም ቢሆን መዋጥ መቻሉ እስኪታወቅ ድረስ አይሰጠው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

በአገራችን ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች፣ ስትሮክ በመታቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኘው መንሥኤ የደም ግፊት ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ይኖራል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም “ተሽሎኛል” ብሎ ያቋርጠዋል፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። ግፊት የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

ሕመሙ ደግሞ ቤት አይመርጥም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክን በመጨረሻ ዘመናቸው አልጋ ላይ ያዋላቸው ይኸው ስትሮክ ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ከባዱ ሰውነታቸውንም አንደበታቸውንም ያዘ፤ ጤናቸውም ሳይመለስ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። አስታማሚያቸው እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ ሲያስወጧቸው፣ የቀረላቸው ሥራ ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ቤተ መንግሥቱ ሐኪምም ገንዘብም አላጣም። የዛለን እጅ በልምምድ ስለ መመለስ ግን በዚያ ዘመን የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ብዙ ታውቋል፤ የታወቀውን እንንገራችሁ።

ጥናቱ ምን ይላል?

የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም። በአጠገቡ ያለው ደኅናው ክፍል ግን የሟቹን ሥራ በከፊል ሊማር ይችላል። እኛ ደገኞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ክረምት የእግር መንገዱን ሲንደው ሰው በሌላ በኩል ዞሮ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ቀን ቢያልፍበት ሣሩ ተመልሶ ይቆማል፤ አገር ሁሉ ሲመላለስበት ግን አዲስ መንገድ ይወጣል። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ መንገድ የሚወጣው በመመላለስ ነው።

ስንት ጊዜ መመላለስ? በአሜሪካና በካናዳ ባለሙያዎች የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን ቁጭ ብለው ቆጠሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባወጡት ውጤት፣ ሕመምተኛው በአንድ ክፍለ ጊዜ በደካማው እጁ አንድን ሥራ የሚለማመደው በአማካይ 32 ጊዜ ያህል ነበር። በእንስሳት ላይ በተደረጉት ምርምሮች አንጎል ሲለወጥ የታየው በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። በሀብታም አገር፣ ባለሙያና መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል እንኳ ልምምዱ ትንሽ ነበር ማለት ነው።

በ2006 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት አለ። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳተፉበት። ከፊሎቹ ደኅናውን እጃቸውን በጓንት ተሸፍነው፣ ነቅተው ከሚቆዩበት ጊዜ አብዛኛውን ለ2 ሳምንት በደካማው እጅ ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ፤ በየቀኑም ለሰዓታት ከባለሙያ ጋር ተለማመዱ። ከዓመት በኋላም የእነዚህ ሰዎች እጅ ከሌሎቹ የተሻለ ይሠራ ነበር። ዘዴው የሚሆነው ግን አንጓውንና ጣቱን ጥቂትም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ነው። ከቤታችሁ ተነሥታችሁ የሰው እጅ እንዳታስሩ፤ ይህን የሚወስን ባለሙያ ነው። ለእኛ ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ደኅናው እጅ ሁሉን ሲሠራ ደካማው ሥራውን ይረሳል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ፤ ለጋሾቻችን የጠየቁን ስለ እነሱ ነውና።

መራመጃ ማሽን አለ። ሰውየውን ከላይ በቀበቶ አንጠልጥሎ ከሥሩ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ያራምደዋል። በ2011 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 408 ሰዎች ተካፈሉ፤ ከፊሎቹ በማሽኑ ሠለጠኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ባለሙያ ቤታቸው እየሄደ ጉልበትና ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሠራቸው። ከዓመት በኋላ ሲለኩ ከሁሉም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አረማመዳቸው ተሻሽሎ ነበር፤ በማሽኑና በቤት ልምምዱ መካከል ግን ብልጫ አልተገኘም። ወንበርና ግድግዳ ይዞ የተለማመደው ማሽን ላይ ከወጣው አላነሰም ማለት ነው።

ሮቦትም አለ። እጅን ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያንቀሳቅሳል። በ2019 በታተመው የእንግሊዞች ጥናት፣ በ770 ሰዎች ላይ ለ3 ወር ተሞክሮ፣ እጅን ለዕለት ተዕለት ሥራ በማስቻል ረገድ ከተለመደው ሕክምና የበለጠ አልሆነም። እኛ ከዚህ የምንረዳው፣ እጅ መወዛወዙ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ስኒ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ስኒ ማንሣትን ይለማመድ።

አዲስ ነገርም አለ። ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወርድ አንድ ትልቅ ነርቭ አለ፤ ደረት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ ይህን ነርቭ ይነካካል። 108 ሰዎች ከተሳተፉበት ጥናት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ2021 ፈቅዶታል። መሣሪያው የሚሠራው ግን ሰውየው እጁን ደጋግሞ እየተለማመደ ሳለ ነው። ያለ ልምምድ መሣሪያው ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

ከሁሉም ርካሹ መስታወት ነው። መስታወቱ በሁለቱ እጆች መካከል ይቆማል፤ ደካማው እጅ ከኋላው ይሆናል። ሰውየው ደኅናውን እጁን እያንቀሳቀሰ መስታወት ውስጥ ሲያይ፣ የደከመው እጁ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል፤ አንጎሉም በዚያ ይቀሰቀሳል። በ2018 የ62 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲመዘን፣ ከሌላው ልምምድ ጋር ተጨምሮ የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል። መስታወት ደግሞ በመካነ ሰላም ገበያ አይጠፋም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምረን ይህን ክፍል እንዝጋ። “ቶሎ መነሣት ጥሩ ነው” ሲባል ሰምተን በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛውን እንዳናዋክበው። በ5 አገሮች በ2104 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አስነሥቶ ብዙ ማሠራት ከተለመደው አያያዝ ያነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሐኪሙ እንተው፤ ከዚያ በኋላ አጭር አጭር አድርጎ ቶሎ ቶሎ።

በጓዳችን ያለው መሣሪያ

እንግዲህ ስኒ ማንሣትና ምስር መልቀም ልምምድ ከሆነ፣ ጓዳችን በመሣሪያ የተሞላ ነው። ቡና መውቀጥ፣ ጥጥ መባዘት፣ እንዝርት ማሽከርከር፣ ስፌት መስፋት፣ ነጠላ ማጠፍ፣ ስኒ ማጠብና መደርደር፣ ከረከቦት ወደ ጠረጴዛ ማመላለስ፣ ሁሉም ልምምድ ነው። ለወንዱም ገመድ መግመድ፣ መቁጠሪያ ወይም መስበሂያ መቁጠር፣ ጫማ ማሰር አለ። ደግ የሚሆነው ሰውየው ራሱ የሚናፍቀውን ሥራ መምረጥ ነው። ሶላቱን ቆሞ መስገድ የሚፈልግ፣ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ የሚፈልግ፣ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን በጠዋት 10፣ በቀትር 10፣ በማታ 10 ጊዜ ይለማመድ። ቆጠራው በከሰል ግድግዳ ላይ ይጻፍ። በየሳምንቱም 10 ሜትር በገመድ ተለክቶ፣ ያንን ለመራመድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት በስልክ ይያዝ። ሰከንዱ ሲቀንስ ያየ ሰው ነገ ደግሞ ለመነሣት አይለግምም።

ከባዱ ነገር ፍቅራችን ነው። በእኛ ባህል በግራ እጅ መብላት ነውር ነው። ቀኝ ጎኑን የተመታ ሰው በግራው መብላት ያፍራል፤ እኛም አፍረን እናጎርሰዋለን፣ እናለብሰዋለን፣ ፊቱን እናጥበዋለን። ጉርሻው የፍቅር ነው፤ ለዚያ እጅ ግን ሌላ የዕረፍት ቀን ይሆንበታል። ማንኪያውን በደካማው እጁ እናስይዘው፣ እኛ ክንዱን ደግፈን እሱ ወደ አፉ ይውሰድ። ግማሹ ይፈሳል፤ ይፍሰስ። እንግዳ ሲመጣም አንሸፍንበት።

የሚጎዳ ነገርም አለ። ሰውየውን ስናነሣ የደከመውን እጅ ይዘን አንጎትት፤ ትከሻው ይወልቃል፣ ወይም ለወራት የማይለቅ ሕመም ይይዘዋል። ሲተኛና ሲቀመጥ ክንዱ ትራስ ይደገፍለት። ራሱ መገላበጥ የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ እናገላብጠው፤ የመኝታ ቁስል ሊገድል ይችላል። ስናበላው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ለጤና ባለሙያ እንንገር።

አስታማሚዋስ?

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እንነጋገር። ባል ሲታመም ሚስት፣ እናት ስትታመም ሴት ልጅ፣ አማት ሲታመሙ ምራት ታስታምማለች። የእቴጌ ጣይቱ ነገር በየቤታችን ይደገማል፤ አስታማሚዋ ከሥራ ትወጣለች። ከአባሎቻችን መካከል ለዚህ ሲሉ ንግዳቸውን የዘጉ፣ የቁጠባ መዋጮ ያቋረጡ፣ ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ያስቀሩ አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

“ልምምዱን ቤተሰብ ያሠራው፣ ወጪም የለውም” የሚል ሐሳብ በብዙ ቦታ ይነሣል። ሕንዶች ይህንኑ ፈትነውታል። በ14 ሆስፒታሎች፣ በ1250 ሕሙማን ላይ፣ አንድ የቤተሰብ አባል ሆስፒታል ሳለ ሠልጥኖ ቤት ውስጥ እንዲያለማምድ ተደረገ። በ2017 የታተመው ውጤት የሚያሳዝን ነው፤ ከ6 ወር በኋላ የሞቱት ወይም በሰው እጅ የቀሩት ሰዎች በሁለቱም ወገን ከመቶ 47 ያህል ነበሩ። የቤተሰቡ ድካም ለውጥ አላመጣም። ንዑስ ኮሚቴያችን በዚህ ላይ ብዙ ተከራክሯል። የተስማማንበት ይህ ነው፦ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ አጭር ሥልጠና ጭኖ መሄድ ሕክምና አይባልም። ቤት ውስጥ የሚደረገው ልምምድ እንዲሠራ፣ እየተመላለሰ የሚያይ፣ የሚያርምና ሥራውን ከፍ የሚያደርግ ባለሙያ ይፈልጋል፤ በአሜሪካው ጥናት ከማሽኑ ጋር እኩል የሆነው የቤት ልምምድ ባለሙያ ነበረው። አስታማሚዋም የምታርፍበት ቀን ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው

አንደኛ፣ የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ። በገበያ ቀንና በቁጠባ ስብሰባ ቀን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግረን አባላትንና ቤተሰቦቻቸውን እናስለካ፤ ግፊት የተገኘባቸውን ወደ ጤና ጣቢያ እንላክ፤ መድኃኒት የጀመሩትን እንዳያቋርጡ እየጠየቅን እንከታተል። ያልመጣ ስትሮክ ማስታመሚያ አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ ለጋሾቻችን ለመሣሪያ ያሰቡት ገንዘብ ለሰው ይዋል። በአገራችን ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው እዚሁ ክልላችን ያለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተመራቂዎቹ አሉ። አንድ ባለሙያ በተወሰነ ጊዜ ወደ መካነ ሰላም እየመጣ ሕሙማንን እንዲያይና ከየቀበሌው ሁለት ሁለት አባላትን እንዲያሠለጥን የመጓጓዣና የአበል ወጪው ይሸፈን። በመሐል በስልክ ቪዲዮ አረማመዱን እያየ ሊመክር ይችላል። ሮቦቱ ቢመጣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው የለም፤ ቢሠራም ከልምምዱ እንደማይበልጥ ሰምታችኋል።

ሦስተኛ፣ ቀላል ቁሳቁስ በከተማችን አናጢዎች ይሠራ። ይዘውት የሚራመዱበት ጥንድ አግዳሚ ከባሕር ዛፍ፣ ሽንት ቤት ላይ የሚቀመጥ ወንበር፣ በትርና መስታወት። እግሩ ወደ ታች እየተንጠለጠለ የሚያሰናክለው ሰው ደግሞ የእግር ድጋፍ ይፈልጋል። ይህ ድጋፍ የሚሠራበት የአካል ተሐድሶ ማዕከል ደሴ አለ። መንገዱ ግን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የብዙውን ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የመሳፈሪያውና የማደሪያው ወጪ ነው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ፈንድ እናቋቁም።

አራተኛ፣ የተራ ማስታመም ይጀመር። ሰው ሲሞት ቅሬያችን ወጥቶ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል። ክርስቲያንና ሙስሊም አይለይም። በሕይወት ያለውን ጎረቤት አንሥቶ ለማራመድ ይህ ጉልበት እንዴት ያንሰናል? በእያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን ውስጥ ስትሮክ የገባበት ቤት ካለ፣ አባላት በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን በተራ ይግቡ። ተረኛዋ ሕመምተኛውን ታለማምዳለች፤ አስታማሚዋ ገበያዋን ትውጣ፣ ልብሷን ትጠብ፣ ትተኛ። ልጅቷም ትምህርት ቤቷ ትሂድ። ይህን ወንዶቻችንም እንዲካፈሉ በቅሬው በኩል እንጠይቃለን፤ አዋቂ ወንድ ማንሣት የሴት ወገብ ብቻ የሚሸከመው ሥራ አይደለም።

አምስተኛ፣ የምንሠራው ይመዝገብ። ማን ስንት ቀን ተለማመደ፣ 10 ሜትሩን በስንት ሰከንድ ሄደ፣ አስታማሚዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች ወይስ አልተመለሰችም። በከተማችን ካምፓስ ያለውን መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን በምዝገባው እንዲረዳን እንጠይቅ። ከዓመት በኋላ ለለጋሾቻችን የምናሳየው ይህን መዝገብ ይሆናል፤ ካልሠራም ካልሠራበት ምክንያት ጋር እናሳያለን።

እህቶቻችን፣ ሁሉም ሕመምተኛ እንደ ድሮው ይሆናል ብለን አንዋሽም። ጉዳቱ ከባድ የሆነበት ሰው ብዙ ተለማምዶም በበትር ሊቀር፣ አንዳንዱም ከወንበር ላይነሣ ይችላል። በራሱ እጅ ውኃ የጠጣ፣ በራሱ እግር ደጅ የወጣ ሰው ግን ለራሱም ለአስታማሚውም ሌላ ኑሮ ይኖራል። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን በሩ አይዘጋም። ስለዚህ “ጊዜው አልፎበታል” ብለን አልጋ ላይ የተውነው ሰው ካለ፣ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ እጁን እንይለት።

አሁን መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን። አምስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ተወያዩባቸው፤ የምትጥሉትን ጣሉ፣ የምትጨምሩትን ጨምሩ፤ ለተራው ማስታመም የምትመዘገቡ ከጸሐፊዋ ዘንድ መዝገቡ ተዘጋጅቷል።